ስምንት ቀን ተከድኖ የቆየው ወተት

ለማልጠግብሽ ልጄ ለእታለም አሥራተ ማርያም፤

ከበረዶው አገር ብርድና ከሰው አገር ብቸኝነት የደብራችን ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? በብርዱ ወራት የሚነሳብሽ ሳል ተወሽ ወይ? ባለቤትሽ አስማረስ እንዴት ከርሟል? ሕፃኗስ እግር አወጣች ወይ? እኔ አባትሽ ከወገቤና ከዓይኔ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ዓይኔም ዳዊት ስደግም ፊደሉን እያራባ ያስቸግረኛል እንጂ መንገድ አላሳተኝም። ዘንድሮ ገብሱ እንደ ነገሩ ገብቷል። ያቺ ቀይ ላምም ወልዳለች።

በኅዳር የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ለገና ሳምንት ደረሰኝ። ያመጣልኝ ባለሱቁ ሙሄዲን ነው፤ ጅዳ ያለው ወንድሙ ሰላሕ ተቀብሎ፣ በነጋዴ እጅ ተቀባብሎ ሰቆጣ ገባ። ይህንንም በዚያው መንገድ ስለሚመልሰው፣ በፖስታ ቤት ብልከው የማልደፍረውን ሁሉ ጽፌዋለሁ።

ያለሽበትን አገር የመራ ሰው ዘመኑ ሲያልቅ ከወንበሩ ወርዶ፣ «በሥልጣን ሳለሁ ያልገባኝ ነገር አለ» ብሎ የጥናት ተቋም ማቋቋሙን፣ አንቺም እዚያ የረሃቡን ነገር ከሚመረምሩት ጋር መቀጠርሽን ሳነብ፣ ተደስቼ በሱቁ ላሉት ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ሙሄዲን ሸማ መለካቱን ትቶ፣ «ወረደ ነው የምትል አያ አሥራተ? በገዛ እግሩ?» አለኝ። አዎን አልሁት። «ታዲያ የት ቀበሩት?» አለኝ። ኧረ በሕይወት አለ፣ መጽሐፍ ይጽፋል፣ ሊቃውንት ሰብስቦ ያወያያል ስለው ሐሊሜ ሚስቱ ከጓዳ ሆና በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ሁላችንም በሩን አየንና ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። ነገሩ ገብቶሻል።

የላክሽውን የጥያቄ ወረቀት በተለየ ሉክ ላይ መልሼዋለሁ። ዝናቡ በየትኛው ወር እንደቀረ፣ በሬውን መቼ እንደሸጥን፣ ዘሩን መቼ እንደበላን፣ እህል ለማግኘት ስንት ቀን እንደተጓዝን፣ ሁሉንም ሳላጋንን ጽፌአለሁ። የቀረችኝ ዘጠነኛዋ ናት። «ከቤትዎ የሞተ ሰው እርዳታ ደርሶት ነበር ወይ?» ትላለች። እሷን አንቺው ሞልተሽልኝ ነው የላክሽው። እኔው ድሮ የጻፍሁልሽን ቃል አምነሽ «እናቴ ወለተ ሐና እርዳታ ሳይደርሳት ሞተች» ብለሻል። ሽማግሌው መሪም ይህችን መስመር መርጠው በሚያዝያ በመንግሥታት ጉባኤ ፊት በራሳቸው አንደበት እንደሚያነቧት ነግረሽኛል።

እታለም ልጄ፣ ደርሷት ነበር።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በዐቢይ ጾም እኔና እናትሽ ከፃግብጂ ወጥተን ሰቆጣ ገብተን ነበር። ሙሄዲንና ሐሊሜ ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን የጨው ማስቀመጫ ክፍል ለቀቁልን። በኒቆዲሞስ ማግስት ሰኞ ተሰልፌ ስንዴና የዱቄት ወተት ተቀበልሁ። እናትሽን ያየቻት ነርስም፣ «አባባ፣ ስንዴውን እርስዎ ይብሉት፤ የእሷ ሆድ እህል አይችልም። ወተቱን በፈላ ውኃ በጥብጠው ትንሽ ትንሽ ያጠጧት» ብላ እጄን ይዛ ነገረችኝ። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ልልሽ አልችልም።

በመስከረም፣ አዝመራው ቆሞ ሲደርቅ፣ ታቦቱ ፊት ወድቄ «ቤቴ እስከ ፋሲካ ጥሉላት፣ ሥጋም ወተትም፣ አይቀምስም፣ አንተም ዝናብህን መልስልን» ብዬ ተስዬ ነበር። የተሳልሁት እኔ ነኝ፤ እሷን አላማከርኋትም። ወተቱንም በጣሳ አድርጌ፣ ከድኜ፣ ከጨው ክምሩ ላይ አስቀመጥሁት። የነፍስ አባታችንን መምሬ ወልደ ጻድቅን ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር፤ ደጃቸው ሩቅ አልነበረም። ቢጠየቁ እንደሚፈቅዱ አውቅ ነበር፤ ስለዚህ አልጠየቅኋቸውም።

ሐሊሜ ገብታ ጣሳውን አየች። «አያ አሥራተ፣ በኛ ሕግ እንኳ የታመመ ያፈጥራል፣ ሲድን ይከፍላል። የናንተ ጌታ ከኛው ይጨክናል እንዴ?» አለችኝ። እኔም የሰው ሃይማኖት አትንኪ ብዬ ተቆጣሁ። «ሃይማኖትህን ማን ነካው፣ ጣሳውን ነው የምነካው!» ብላ እጇን ስትሰድ ጣሳውን አንስቼ ብብቴ አስገባሁት። በገዛ ቤቷ። እናትሽ ነች የገላገለችን። «ተዪው ሐሊሜ፣ ተስሎ ነው፤ ጥቂት ቀን ነው የቀረው» አለችና ወደ እኔ ዞራ፣ «የእታለም አባት፣ ስንት ቀን ቀረው?» ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ ሦስት አልኋት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትጠይቀኝ ጀመር። ሌላ ነገር አትጠይቅም፤ ውኃ እንኳ አትለኝም። ባሕረ ሐሳብ ትንሽ ተምሬአለሁና እየቆጠርሁ እነግራታለሁ። ለሆሣዕና ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። በሕማማት ለሚሞት ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ ይጸለያል። ካህናቱ ሲደግሙ የማን ፍትሐት እንደሆነ ልቤ አውቆታል። እያወቀ ወደ ቤት ተመለስሁ፣ ጣሳውንም አልከፈትሁም። በሕማማቱ ማክሰኞ ጧት ስንት ቀረ አለችኝ፤ አምስት ቀን አልኋት። «ጥቂት ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ቀትር ላይ አረፈች። ወተቱ ስምንት ቀን እንደተከደነ ነበር።

እናትሽ በተኛችባት በዚያች መስኮት የሌላት ክፍል ቀኑን የምታውቀው ከእኔ አፍ ብቻ ነበር። «ዛሬ ፋሲካ ነው፣ እንኳን አደረሰሽ» ብያት ቢሆን ኖሮ አምናኝ ትጠጣ ነበር። አንዲት ውሸት ነበረች የምታድናት። እሷን ነፍጌአት፣ ላንቺ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሸሁ።

አሁን ትጠይቀኛለች። በሕልም አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ገብስ ስወቃ፣ ወንዝ ስሻገር፣ ከሰው ጋር ቆሜ ሳወራ። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ስንት ቀን ቀረው ብቻ ነው የምትለኝ። በሐምሌም ብትጠይቀኝ እስከ ፋሲካ ቆጥሬ እመልስላታለሁ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ የሚያዩኝ ሰዎች ጸሎተኛ ይሉኛል።

ለመምሬ ወልደ ጻድቅ በዚያው ዓመት ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተናዝዣለሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ለታመመማ የተፈቀደ ነው፤ ምነው ልጄ፣ ሳታንኳኳ በሩ ተዘግቷል አልህ?» አሉኝ። ንስሐ ሰጡኝ፤ ፈጽሜዋለሁ። ደግሞ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «እኔስ? ወተት መምጣቱን እያየሁ ከዐውደ ምሕረቱ ቆሜ ‹የታመመ ይጠጣ› ሳልል ቀረሁ። ጠያቂ ስጠብቅ ነበር። በስንት ቤት ተከድኖ ይሆን?» ብለው አለቀሱ። በማግሥቱ እሑድም «የታመመ በጾምም ይጠጣ» ብለው አወጁ። በዚያ ቀን ከቅዳሴ መልስ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ የሄደው ሰው እኔ ብቻ አልነበርሁም።

እንግዲህ ያንን መስመር አቃኚው። ነገር ግን ስታቃኚው ተጠንቀቂ ልጄ። ጊዜው ካለፈ በኋላ እህል የላኩት ሰዎች ይህን ሰምተው «ሕዝቡ ራሱ እንቢ አለ» ብለው እጃቸውን እንዲታጠቡ አትፍቀጂላቸው። ዘሩን በኅዳር ጨርሰን በልተናል፤ እህሉ የደረሰን በመጋቢት ነው። እናትሽ ወተት እንጂ ሌላ የማትችል የሆነችው በዚያ መካከል ነው። የእነሱን የእነሱ አድርገሽ ጻፊ፣ የእኔንም የእኔ። ወተቱን ለላኩት ጾም መሆኑን የሚነግራቸው አንድ ሰው፣ እኛንም ቄሳችንን የሚያስጠይቀን አንድ ሰው አለመኖሩን ጨምሪበት፤ ለጥናታችሁ የሚረባው ይህ ይመስለኛል። ስሜንም አትደብቂ። አሥራተ ማርያም ባሏ ከለከላት ብለሽ ጻፊ።

ይህን አንብበሽ መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም። ደብዳቤዬን ብትቀዳድጂውም መብትሽ ነው። ሚያዝያ ሳይገባ ግን ወረቀቱን አስተካክዪልኝ፤ እናትሽ በሐሰት እንድትነበብ አልፈልግም።

ባለቤትሽን አስማረን በሩቁ ትከሻውን ስሜዋለሁ። ለሕፃኗ ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አያትሽ ነው በያት፣ ሌላውን ስታድግ ትነግሪያታለሽ። ሙሄዲን «ለሸማ የሚሆን ድርና ማግ እዚያ በስንት ይሸጣል?» ይልሻል፤ ቀልዱን ነው፤ ናፍቆሻል። ሐሊሜ ደግሞ ይህን እንደምጽፍልሽ ስነግራት አቅፋኝ አለቀሰችና «እኔም ጣሳውን ለመንጠቅ ጉልበት አልጨመርሁም በላት» አለችኝ። እንደ ቃሏ ጽፌልሻለሁ፤ ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም። መምሬ ወልደ ጻድቅም መስቀላቸውን ወዳለሽበት አቅጣጫ አንስተው ባርከውሻል።

ለእኒያ ከወንበር ለወረዱት ሽማግሌ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አሥራ አራት ጥያቄ ልከውልኛልና እኔም አንዲት ልጠይቃቸው። በሥልጣን ሳሉ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ብለው ሰው የሞተበት ነገር ካለ፣ ለሟቹ ልጆች እንዴት ብለው ነገሯቸው? እኔ የገዛሁት አንድ ጎጆ ብቻ ነው፤ ለአንዲት ልጄ ለመንገር ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

አባትሽ አሥራተ ማርያም

ሰቆጣ፣ ጥር 23 ቀን 1980 ዓ.ም.