ልጄ አልዳነም ነበር

ለሰላመ ልብ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ኃላፊ
ጎንደር

ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የልጄ የሙሉሰው ላቀው ሕመም እንዳልለቀቀው ለካህናቱ እንዲነገርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቃና ዘገሊላ ዕለት ታቦት ሸኝተን ስንመለስ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ስማቸው ከመንገድ ገለል አድርጎ ወሰደኝ። ከዚያው ከጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር ተደውሎለት ነበር። ልጄ በተከራያት ክፍል በገዛ እጁ ሕይወቱ አልፏል።

ሙሉሰው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ ነበር። ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉን። መድኃኒቱ ድምፁን ስላላስቆመለት ባለፈው ክረምት እናንተ ዘንድ አመጣሁት። ራሱ ላይ ተጠግቶ በመግነጢስ ኃይል አንጎልን በሚያነቃቃው መሣሪያ ማከም ጀመራችሁ። እንደ ግንደ ቆርቁር ወፍ ይቆረቁረኛል እያለ ይስቅ ነበር። አልዋሽም፣ ረድቶታል። ከሰው ጋር ተቀምጦ መብላት ጀምሮ ነበር።

ሕክምናው ሳያልቅ መሣሪያው ተበላሸ። ሲጠገን እንጠራችኋለን አላችሁ። የጠራችሁን ግን ለሌላ ነገር ነው። በጠበል የዳነ ሰው በሕዝብ ፊት እንደሚመሰክረው ሁሉ፣ ልጄን መድረክ ላይ አውጥታችሁ «ድኛለሁ» አስባላችሁት። ሕመምተኛ እንዲልኩላችሁ ከየአጥቢያው ካህናት ጠርታችሁ ስለነበር የእኛም ደብር አስተዳዳሪ ከፊት ተቀምጠው ሰሙ። ወደ ቤት ስንመለስ «ምነው እንዲህ አልህ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እማዬ፣ ድምፆቹ ቀነሱ እንጂ መቼ ሄዱ? ሐኪሞቹን ባሳፍራቸው ማሽኑ ሲሠራ ማን ይጠራኛል?» አለኝ።

አልጠራችሁትም።

ራሱን ያጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት የሚደረግለት አእምሮው የታመመ እንደሆነ ነው። አስተዳዳሪውን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኋቸው። «ሽታዬ፣ መዳኑን ከራሱ አፍ ሰምተናል፤ ምን ላድርግሽ?» አሉኝ። ልጄ ያለ ፍትሐት ተቀበረ። እናንተን ለማስደሰት በተናገረው ቃል ሬሳው ላይ ተፈረደበት።

ካሳ አልጠይቅም። ያከመው ሐኪም አርባው ሳይደርስ አምባ ጊዮርጊስ መጥቶ፣ ሕመሙ እንዳልለቀቀውና ሕክምናው እንደተቋረጠ በካህናቱ ፊት በአፉ ይናገር። ደብዳቤ አይበቃኝም፤ እናንተ መዳኑን ያወጃችሁት በድምፅ ማጉያ ነው። በራችሁ ላይ የሰቀላችሁትን ፎቶግራፉንም አውርዱልኝ። ለሰው ማሳያ የሚሆን ልጅ የለኝም።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ፣ ማኅተም የምትመቱትም ብትሆኑ፣ በጸሎታችሁ አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደኢየሱስ ነው። በመቅደስ እስኪጠራ ድረስ እናንተ ጥሩልኝ።

ከሐዘንተኛ እናት ሰላምታ ጋር

ሽታዬ ዳኛው
(ፊርማ)
አምባ ጊዮርጊስ

ግልባጭ፦ ለአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ