ትንፋሻቸውን ይዘው ይቀርጹ የነበሩት የአቶ ይግዛው ካሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይግዛው ካሳ ከአባታቸው ከአቶ ካሳ ደሳለኝና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስረሳሽ ተሾመ በ1948 ዓ.ም. በሮቢት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቆቦ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያም ፎቶ ቤት ተቀጥረው ሙያውን ለመዱ። በ1972 ዓ.ም. ከወ/ሮ በላይነሽ አያሌው ጋር በተክሊል ተጋብተው ፍሬዓለምንና አንዷለምን ወለዱ።

በ1988 ዓ.ም. እህታቸው ከጅዳ የቪዲዮ ካሜራ ላኩላቸው። ከጎብዬ እስከ ሮቢት የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ሠርግ ቀረጹ። የካሜራ ማቆሚያ አልነበራቸውም። ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ጉልበታቸውን ለቀቅ አድርገው፣ የዳስ ምሰሶ ሲያገኙ ተደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይቀርጹ ነበር። ምስላቸው አይነቃነቅም። ብሉ ሲባሉ እንኳ አይመልሱም፤ በዚህ የተቀየማቸው ባለሠርግ ብዙ ነው። በዚያ ሁሉ ካሴት ውስጥ ድምፃቸው የለም።

በጥር 1996 ዓ.ም. ፍሬዓለም ስትዳር ሌላ ሰው ይቅረጽ ቢባሉ እምቢ አሉ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች። ፍሬዓለም የእናቷን ስማ ወደ አባቷ ዞረች። ካሜራውን አላወረዱም። እንደያዙት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

የሠርጓን ካሴት ግን አልሰጧትም። ምስሉ ተበላሽቷል፣ ለሰው አይታይም አሉ። በጠየቀቻቸው ቁጥር መልሳቸው ይኸው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. በደም ግፊት ወድቀው ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ባለቤታቸው ሦስት ዓመት ሲያስታምሟቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም። ግንቦት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።  እኛ ቤተሰቦቻቸው እንባ እስካሁን አልመጣልንም።

ትናንት ለመገነዣ ነጠላቸውን ስናወጣ የፍሬዓለም የሠርግ ካሴት ከሣጥናቸው ሥር ተገኘ። ማጫወቻ ተውሰን ጓዳ ውስጥ አየነው። እንዳሉት ነው፤ እናቷን እስክትስም ድረስ ምስሉ ቀጥ ያለ ነው፣ ከዚያ ይንቀጠቀጣል። የሚታየው ቬሏ፣ መሬቱና የጫማቸው ጫፍ ብቻ ነው። ድምፃቸው ግን አለ። «ውለጂ፣ ክበጂ፣ ልጄ» ይላሉ እያለቀሱ፣ ደጋግመው። ፍሬዓለም ካሴቱን ወደ ኋላ መልሳ እንደገና አስጀመረችው።

እግዚአብሔር የተያዘውን አንደበታቸውን በመንግሥቱ ይፍታልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።