የተበየደው የጓሮ በር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ብርድ ሲነካው አሁንም ይጠዘጥዝሻል? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግሬ ከመዛሉ በቀር ደህና ነኝ። ስደውልልሽ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ፣ ኩርፊያ መሆኑ ገባኝና በብዕር ልሞክር አልኩ። ደብዳቤን መቼም ጆሮዬ ላይ አትዘጊውም።

ልጅሽ አጎቴ ነው ዳቦ ቤቴን ያስከለከለኝ ብሎ እንደነገረሽ ሰምቻለሁ። አልዋሸም። ነገሩን ግን ከሥሩ ልንገርሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። አንድ ሱቅ ለቆ ሌላ ዓይነት ንግድ ሲገባበት፣ ከመከፈቱ በፊት ከተማው እኛን ይልካል። እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወጣል፣ የመብራት ገመዱ ምን ይመስላል፣ ጋዙ የት ተቀመጠ እያልን እናያለን። ቀኑን ሙሉ ደረጃ መውጣትና መውረድ ነው። የሚወደንም የለም። ስንገባ ወንበሩን በእጅጌው የሚጠርግልን ሰው ስንወጣ ይረግመናል። ለምጄው ነበር፣ አሁን አሁን ግን ሰለቸኝ።

ልጅሽ የተከራየው ክፍል ቀድሞ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥበት ነበር። አሁን መሃሉ ላይ ምድጃ ገባበት፤ ሊጥ የሚያቦኩት ሁለት ሴቶች ከምድጃው ጀርባ ይውላሉ። ዘመዱ ስለሆንኩ እኔ ቀርቼ ባልደረባዬ ተመደበ። ባርኔጣውን ስለማያወልቅ ባርኔጣው እንለዋለን። ልጅሽም ሁሉን አሳየው፤ እሳት ማጥፊያው አዲስ፣ ገመዱ የተሸፈነ፣ ግድግዳው የተቀባ። በመጨረሻ ደረቱን ነፍቶ ወደ ጓሮ በር ወሰደውና፣ ዙሪያውን ያስበየደውን ብረት መታ መታ እያደረገ፣ ከእንግዲህ በዚህ ሌባ ቀርቶ አይጥ አትገባም አለው።

እትዬ፣ ስሰማ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ከማን ወረሰው? አባታችን ማታ ማታ የጓሮውን በር በድንጋይ ሲደግፍ እያየን አይደል ያደግነው? እኛ ቤት ክፉ ነገር ከውጭ ነበር የሚመጣው። ልጁ ምን ያድርግ።

ባርኔጣው ይህን ካጫወተኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የእህትህ ልጅ ነው፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ አሁን ላሳልፍለትና በሩን ቀስ ብሎ ያስተካክል አለኝ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል የለ፤ ለእኔ ብሎ ነው። እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኪራዩ ሱቁ ሳይከፈት እየሮጠበት እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺም ለዚያች ክፍል ያለሽን ሁሉ አራግፈሽ እንደሰጠሽው አውቃለሁ። ግን እሳት ከምድጃው ቢነሳ ሴቶቹ በየት ይወጣሉ? እሱስ በየት ይወጣል? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና አታሳልፍለት አልኩት።

ብየዳው ተቆርጦ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር እስኪገጠም ሳምንታት አለፉ። ከሴቶቹ አንዷ መጠበቅ ሰልችቷት ሌላ ሥራ ይዛ ሄደች። ልጅሽ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። ደክሞኛል እትዬ። የባዳ እርግማን እችላለሁ፤ አዝለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ዝም ስትይኝ ግን አልቻልኩም።

ዳቦ ቤቱ ትናንት ተከፈተ። አልጠራኝም፣ እኔም ሳልጠራ ሄጄ ተሰለፍኩ። አጎቴ እያለ አንገቴ ላይ ይጠመጠም የነበረው ልጅ፣ እንደ ማንም ደንበኛ፣ ስንት ልስጥዎት አለኝ። ሁለት አልኩት፣ ሰጠኝ፣ ወጣሁ። ዳቦው ጥሩ ነው፤ ጨው ትንሽ ያንሰዋል።

ባለቤትሽ ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪልኝ። አራሷን ልጅሽን ግጥም አድርገሽ ሳሚልኝ፤ የሕፃኑንም እግር። ትንሿ ከትምህርቷ እንዳትዘናጋ። ለልጅሽ ግን ሰላም በይልኝ አልልሽም፣ ከአጎትህ ታረቅ ብለሽም አትለምኚልኝ። ያኩርፈኝ። ኩርፊያውን እንደያዘ ይሸብትልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከዳቦ ቤቱ ወረድ ብሎ ካለው ክፍሌ፣
እሑድ፣ ኅዳር 17 ቀን