አባዬ፣ የአምቦ ልጆች ስማቸውን ያውቃሉ

ለምወድህ አባቴ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው መጣሁ እያለ ነው። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪሙ ብዙ አትቁሚ ቢላትም የኳየሩን ልምምድ አልተወችም። ባጃጅህን ሸጥናት፤ አትቆጣ። የገዛት ልጅ አበባ ያለበት መጋረጃ አንጠልጥሎባት ሙሽራ አስመስሏታል። ብታያት ሦስት ቀን ትስቅ ነበር።

ቱቱህ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። በቁመት በልጣኛለች፤ በአፍ ከድሮም በልጣኛለች። ያቺ በአምስት ዓመቷ ገበያ መሃል የጠፋችብህ የመጨረሻ ልጅህ ናት ቢባል ማን ያምናል?

ያን ጊዜ እንዴት እረሳዋለሁ! የሰው ሜጋፎን ተውሰህ፣ በባጃጅህ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጉደር መውጫ «ኢብሴ ገመቹ ቶላ!» እያልክ ዞርክ። መታወቂያ የምታወጣላት ይመስል ስሟን እስከ አያቷ ጠራህ። ልጅቷ ግን ከተወለደች ጀምሮ ቱቱ እንጂ ኢብሴ ብሎ የጠራት አልነበረም። አንዲት ደግ ሴት ስታለቅስ አግኝታት፣ ብርድ እንዳይመታት ብላ ቤቷ ወስዳ ገንፎ አብልታታለች። የማን ልጅ ነሽ ስትላት «የአባዬ» አለች። በደጃፏ እየጮህክ ስታልፍ ሴትዮዋ «ኢብሴ የምትባለው አንቺ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «አይደለሁም፣ እኔ ቱቱ ነኝ!» አለቻት፤ ያውም ተቆጥታ። ሴትዮዋም «እሷንም እግዜር ያስገኝላቸው» ብላ ለኢብሴ ጸለየች። በሦስተኛው ቀን እማዬ ሜጋፎኑን ነጥቃህ «ቱቱዬ!» ብላ ባትጮህ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

ከዚያ በኋላ የራስህን ሜጋፎን ገዛህ፤ እረፍት የሚባል ነገርም ከቤታችን ወጣ። ባጃጅህ ላይ የወጣ ልጅ ሁሉ ሞተር ሳይነሳ «መቃን ኬ ኤኙ? ስምህ ማን ነው?» ይባላል። ስሙን እስከ አያቱ፣ የእናቱን ስም፣ ሰፈሩን፣ ስልኩን ካልተናገረ ጉዞ የለም። ተሳፋሪው «ኦቦ ገመቹ፣ ይሄ ባጃጅ ነው ወይስ የፈተና ክፍል?» ይልሃል። አንተ ምን ገዶህ! ያ ክራቫት የማይለየው የቢሮ ሰው ትዝ ይልሃል? ልጁ አባትህ ማን ይባላል ስትለው «ፍቅሬ» አለህ። እናቱ ቤት ውስጥ እንደዚያ ነዋ የምትጠራው! ሰውየው በገበያ መሃል ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አንድ ወር አኩርፎህ ከረመ፤ በኋላ ግን ልጁን ራሱ ይዞት መጥቶ አስፈተነው።

ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለመስጊዱም፣ ለየትምህርት ቤቱም አንድ ቃል ነበረህ። የጠፋ ልጅ ያገኘ ሰው ቤቱ አይውሰድ፤ ባገኘበት፣ ሰው በሚያይበት ይቁም፤ ለባጃጅ ተራ መልእክት ይላክ። «ኦቦ ገመቹ ደግነትን ከለከለ» ብለው አሙህ። አንድ ነገር ልናዘዝልህ፤ እኔም አፍሬብህ ነበር። ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ከትምህርት ቤቴ በር ሁለት መቶ ሜትር ቀደም ብዬ ከባጃጅህ የምወርደው ለዚያ ነበር። አውቀህ ዝም ያልከኝ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር በገበያ ቀን ሰዓዳ እየሮጠች ደጃችን መጣች። አታውቃትም፤ አንተ ካረፍክ በኋላ ከወልቂጤ መጥታ ሰፈራችን ሱቅ የከፈተች ናት። ስኳር ስትመዝን የአራት ዓመት ልጇ ከአጠገቧ ጠፍታለች። ሰዎች «የኦቦ ገመቹ ቤት ሂጂ» ብለዋት ነው። አንተ የለህም፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ሜጋፎንህን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ሰዓዳ «ፌሩዝ ከድር ሸምሱ» አለችኝ። ልጮህ አፌን ከፈትኩና ቆምኩ። «ቤት ውስጥ ምን እያላችሁ ነው የምትጠሯት?» አልኳት። እያለቀሰች «ቹቹ» አለች። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፣ አባዬ። የባጃጅ ልጆች በየመንገዱ ተበተኑ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አንድ ሰዓት አለፈ። ሰዓዳ ክንዴን ይዛኝ ስለነበር ጣቶቿ እስከ ማግስቱ የቆየ ምልክት ትተውብኛል።

ቹቹን ያገኘናት ከብት ተራው በር ላይ ነው። ከደንዲ ለገበያ የመጡ አንድ ገበሬ ሽማግሌ ካፖርታቸውን አልብሰዋት፣ በሰው መሃል ጆንያ ላይ አስቀምጠዋት ዳቦ ትበላለች። የመጨረሻው መኪና አምልጧቸዋል። «አባቴ፣ ለምን አልሄዱም?» ስላቸው፣ «አንድ ባጃጅ ነጂ የጠፋ ልጅ ስታገኝ ከነልጁ ባለህበት ቁም ብሎ አስተምሮናል፤ ደህና ነው እሱ?» አሉኝ። ማረፍህን ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰዓዳ ልጇን አቅፋ ጉልበታቸው ላይ ስትወድቅ እንኳ መልሰው አላደረጉትም። የዚያን ቀን እኛ ቤት አደሩ፤ እማዬ ስላንተ ስታወራቸው አመሸች።

አባዬ፣ አልረሳህም። ፎቶህን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መቀመጥ ግን በቂ ሆኖ አላገኘሁትም። ጉደር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ የአንተን ትምህርት ለልጆቹ እንድናገር ጠርቶኛል። ሰው ፊት ቆሜ መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ቱቱ አብሬሽ እቆማለሁ ብላለች፤ የጠፋችበትን ታሪክ ራሷ ልታወራው ነው። ፈርቻለሁ፤ ግን በመጀመሪያው ሚኒባስ እንሄዳለን።

ልጅህ