ስለ ቀጀላ ቃል ለአዛዥ ወልደ ሐዋርያት ከየካ የተላከ ምስጋና

በየካ፣ ከሾላው ሥር፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ።

ለክቡር ጌታዬ ለአዛዥ ወልደ ሐዋርያት፤

ከእንጦጦ ግርጌ ያለነው የየካ ሰዎች እንደምን ሰንብተዋል እንላለን። የእርስዎ ጤና፣ የእመቤቲቱ ጤና፣ የበቅሎዎችዎም ጤና የተሟላ እንዲሆን ከልብ እንመኛለን። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ላለ ሰው የሚገባውን ያህል ደኅና ነን።

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሳይገባ በሾላው ግንድ ላይ ተለጥፎ በአደባባይ መነበቡ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ምክንያቱን ላስረዳ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጽፌ ለአጋፋሪዎ አስረክቤአለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ "ጌታው አይተውታል" ተብዬ ተመልሻለሁ። ማየትና ማንበብ በግቢዎ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ዘግይቼ ስለ ተረዳሁ፣ አራተኛውን ጆሮ ላለው ሰው ሁሉ ላነበው ወስኛለሁ።

ጸሐፊው እኔ ደብተራ ወልደ ኢየሱስ ነኝ። ረስተውኝ እንደ ሆነ፣ አባቴ የመንዝ ቄስ፣ እናቴ የየካ ባላገር ልጅ ስለ ነበሩ አማርኛና ኦሮምኛ ሁለቱንም የምናገር፣ እርስዎም በዚሁ ምክንያት ለአንድ ሰሞን የወደዱኝ ሰው ነኝ። ምስጋናችንን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። አምና በጥቅምት የፊታውራሪ አካሉ ወታደሮች በሰባቱ መንደሮቻችን፣ በየቤቱ ሦስት ሦስት ሆነው ገብተው እንዲቀለቡ በታዘዙብን ጊዜ ላሳዩን ርኅራኄ እናመሰግናለን። ወታደሮቹ ባለቤቱን ከመደቡ አውርደው ከጥጆች ጋር የሚያስተኙ፣ ለዘር የተቀመጠውን ገብስ በልተው ጨርሰው ሚስቱን "ሌላውን የት ደበቅሽው" የሚሉ ነበሩ። መኳንንቱ ለየካ ግዛት ሹመት በእርስዎ ወገንና በፊታውራሪው ወገን ተከፍለው እንደሚሻሙ እኛ በዚያን ጊዜ አናውቅም ነበር። መልእክተኛዎ ወርዶ "ሰው ምረጡና ወጥታችሁ አቤት በሉ፤ ጌታዬ ከችሎት ያቀርባችኋል" ሲለን፣ የሚያዝንልን ጌታ ተገኘ ብለን አመንን።

ሰዉም ሾላው ሥር ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሽማግሌው ፈዬራ እየመሩት፣ ወንዱም ሴቱም ተናግሮ፣ በመጨረሻ ሁሉ የተስማማባቸው ጉዳዮች ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ወታደሮቹ ከቤታችን ይውጡ፣ ጭቃ ሹማችንንም ከመካከላችን ራሳችን እንምረጥ። ይህን የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ ቀጀላ ተመረጠ። ቀጀላ ሀብታም አልነበረም፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነበር። ነገር ግን የድንበር ጠብ በተነሣ ቁጥር ሰዎች ግማሽ ቀን ተጉዘው የሚጠሩት እርሱን ነበር፤ የአንዱን ነገር ለሌላው ሲያደርስ አንዲት ቃል አይጨምርም፣ አንዲት ቃልም አያጎድልም። ሲመርጡት ተነሥቶ "ያላችሁትን እላለሁ። ያላላችሁትን ብዬ ከተገኘሁ ግን ከእንግዲህ ከዚህ ዛፍ ሥር አታስቀምጡኝ" አለ።

ሁለተኛ። ስለ አጋፋሪዎ ጆሮ እናመሰግናለን። ከግቢው ማዶ ካለው ተዳፋት ላይ ቆመን ስድስት ቀን "አቤት" ስንል፣ በተራራው ብርድ ድምፃችን እስኪዘጋ ስንጮህ፣ ያ ጆሮ አልሰማንም። እርስዎና ፊታውራሪው በግብር ማዕድ ላይ ክፉ ቃል በተለዋወጣችሁ ማግስት ግን፣ እኛ ገና አንድ ጊዜ ሳንደግም ሰማን። ጌታው ሲቆጣ የሚከፈት፣ ጌታው ሲረጋ የሚደፈን እንዲህ ያለ የሠለጠነ ጆሮ በሌላ ግቢ አላየሁም።

ሦስተኛ። ይህኛው ይረዝማልና ይታገሡኝ። ቀጀላ ችሎት በሚቀርብበት ጠዋት እኔን ብቻዬን ወደ እልፍኝዎ አስጠሩኝ፤ ከአጠገብዎም አስቀመጡኝ።

"ሰውዬህ አነጋገሩ ጥሩ ነው አሉ፤ ነገሩ ግን ጎዶሎ ነው" አሉኝ። "አካሉ ወታደሮቹን ሲያስገባ፣ ‹ንጉሡ ምን ያመጣል፣ የዚህ ተራራ ጌታ እኔ ነኝ› ብሏል ብሎ ይጨምርበት።"

ቀጀላ በጆሮው ያልሰማውን እንደማይናገር ነገርኩዎ።

"እሱ ባይለው አንተ ትለዋለህ" አሉኝ። "በሁለቱ አፍ መካከል ያለኸው አንተ ነህ። ይህችን ጨምርና ወታደሮቹ በሦስት ቀን ይወጣሉ። እምቢ ካልክ እስከ ክረምት እዚያው ናቸው።"

እሺ አልኩ። ለሰባት መንደር ሲባል አንዲት ቃል ማንን ትጎዳለች ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመኳንንት ጋር እልፍኝ ተቀምጦ የሚመክር ሰው መሆኔም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ይህን ደስታ የሰጡኝ እርስዎ ነዎትና ስለ እርሱም ለብቻው አመሰግናለሁ።

በችሎቱ ፊት ቀጀላ ሁለቱን ጉዳይ በኦሮምኛ ተናገረ። እኔም ወደ አማርኛ መለስኩት፤ ሦስተኛውንም ከእርስዎ የተቀበልኩትን ጨመርኩበት። ቀጀላ አማርኛ ብዙ አይሰማም ነበር፤ ስም ግን ይሰማል። እርሱ ያልጠራው ስም ከአፌ ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። መንገድ የጠፋበት ሰው መሪውን እንደሚያይ ነው ያየኝ።

አራተኛ። ቃልዎን ስለ ጠበቁልን እናመሰግናለን። የፊታውራሪው ወታደሮች በሦስተኛው ቀን ወጡ። በአራተኛው ቀን የእርስዎ ገቡ።

አምስተኛ። ስለ ዕርቁ እናመሰግናለን። በፋሲካ ማግስት ከፊታውራሪው ጋር ታርቃችሁ፣ ልጅዎንም ለልጃቸው ለመስጠት ተስማምታችሁ፣ በእንጦጦ ማርያም ቅጽር ውስጥ በሕዝብ ፊት ስትሳሳሙ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ያማረ ዕርቅ ነበር። የቀረችው አንዲት ችግር፣ በችሎት የተነገረው ያ ክፉ ቃል ነበር፤ ፊታውራሪው አልተናገሩትም ከተባለ፣ እርስዎም አላስነገሩትም ከተባለ፣ ሐሰቱን የሚሸከም ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ቀጀላን ከእርሻው ላይ ይዘው አመጡት። ዳኛው "ፊታውራሪ አካሉ ንጉሡን ነቀፈ ብለህ መስክረሃል ወይ?" ብለው ጠየቁት። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ጥያቄውን አንዲት ቃል ሳላዛንፍ አደረስኩለት። ቀጀላም ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ፣ "ምን እንዳልኩ ይህ ሰው ያውቃል። እሱን ጠይቁት" አለ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞረው "ምን አለ?" አሉኝ።

እርስዎ ከዳኛው ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ምንም አላሉኝም፤ ያዩኝ ነበር እንጂ። መናገር እችል ነበር። ምላሴም አልተሳሰረ፣ ጎራዴም አልተመዘዘብኝ።

"ምንም አላለም" አልኩ።

በእግር ብረት አስረው ወደ ቆላ አምባ ወሰዱት። ክረምቱን አላለፈም ይባላል፤ ማን እንደ ቀበረው የሚነግረን ግን አላገኘንም። ወሬው የደረሰን በጥር ነው። ሚስቱ ኢፍቱ አፅሙን ልትለምን ወደ ግቢዎ ብትወጣ፣ አጋፋሪዎ "እንዲህ የሚባል እስረኛ አልነበረም" ብሎ መለሳት። ባልዋ እንዳልታሰረ ስላረጋገጡላት እርሷም እንዳመሰግንላት አዝዛኛለች።

ስድስተኛ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በእኔ ላይ የሆነውን የማቀርብልዎ ድርሻ ስላለዎት ነው። በማሕሌት ለማዜም አፌን ስከፍት፣ ከእኔ ቀድሞ አንድ ሰው በኦሮምኛ ሲናገር እሰማለሁ። አስተርጓሚ የሆነ ሰው ተናጋሪው እስኪጨርስ ዝም ማለት ልማዱ ነውና ዝም እላለሁ። ከበሮው ይቆማል፤ ካህናቱ ይጠብቁኛል፤ ድምፁ ግን አይጨርስም። ሁለት ጊዜ ታገሡኝ፤ በሦስተኛው "ወልደ ኢየሱስ ታሟል" ብለው ከማሕሌት አወጡኝ። በቀትር ጥድ ሥር ብቀመጥም፣ ከምንጭ ውኃ ብቀዳም ያው ነው። የሚለውን ያውቁታል። "እሱን ጠይቁት" ነው የሚለው። መከራዬ ደግሞ የሚጠይቀኝ ማጣቴ ነበር። መናገር የምችለውን ሁሉ ይዤ በመንደሩ እዞራለሁ፤ ሰው ደኅና ዋልክ ብሎኝ ያልፋል።

በሚያዝያ ኢፍቱ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች።

"ባሌ በችሎት ምን አለ?" አለችኝ። "በራሱ ቃል ንገረኝ። በአንተ ቃል አይደለም።"

ነገርኳት፤ የፊተኛውንም ቀን፣ የኋለኛውንም ቀን። አላለቀሰችም። "ለእኔ የነገርከኝን ለሾላው ንገር" ብላኝ ሄደች። ሾላው ሥር ለሚሰበሰበው ሰው ማለቷ ነው።

ነገርኩ። ድንጋይ ይነሣብኛል ብዬ ነበር፤ ማንም አልተነሣም። ፈዬራ "በአንተ አፍ ዳግመኛ አንናገርም" አሉኝ። ቀጥለውም "ቀለም የምታውቅ ግን አንተ ብቻ ነህና ይህን ሁሉ ጻፈው፤ የራስህንም ሳትሸሽግ" አሉ። የጻፍኩት በእርሳቸው ትእዛዝ ነው። ወደ ኦሮምኛ የምትመልሰው ኢፍቱ ናት፤ በወታደሮችዎ መካከል ከዓመት በላይ ስለ ኖረች፣ የሚሉትንና ሊሉ ያሰቡትን ለይታ እስክታውቅ ድረስ አማርኛ ተምራለች። ትናንት ለልምምድ ሳነብላት "ምንም አላለም" ያልኩበት ቦታ ስደርስ አቆመችኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ መልሳ ለራሷ በኦሮምኛ ተናገረችውና "ቀጥል" አለችኝ።

ከእርስዎ የምንለምነው ጥቂት ነው። ቀጀላ የተቀበረበትን ቦታ ያስነግሩን፤ እኔንም በዚያው ችሎት አስቁመው ጥፋቴን አስመስክረው በእርሱ ላይ የተፈረደውን በእኔ ያዙሩት። ፊታውራሪው አሁን ዘመድዎ ስለ ሆኑ ይቀየማሉ የሚል ስጋት ሊኖር አይገባም።

ሰሞኑን መልእክተኛዎ ዳግመኛ ወርዶ፣ ለየካ ግዛት ሹመት መታጨትዎን፣ በሹመቱም ቀን የሰባቱ መንደር ሰው ወደ ግቢው ወጥቶ "አዛዥ ወልደ ሐዋርያት ይሾሙልን" እንዲል መፈለግዎን ነግሮናል። ሸንጎው ለሁለት ቀን ተቀምጦበታል። እንደሚወጡ፣ አንድም ሰው እንደማይቀር ሰምቻለሁ፤ እናቶች እንኳ ሕፃናቱን አዝለው ይወጣሉ። ወጥተው ምን እንደሚሉ ግን አልነገሩኝም። እኔም የመጠየቅ መብት የለኝም።

እንግዲህ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ምግብዎ እንዲስማማዎ፣ እንቅልፍዎም ከእኔ እንቅልፍ የተሻለ እንዲሆን እየለመንኩ፣ የእልፍኝዎን ምንጣፍ አንድ ቀን የረገጥኩ፣ ከማሕሌት የተሰናበትኩ፣ በየካ ሸንጎ ፊት የቆምኩ፣ ከአፌ በቀር ሁሉ ነገሬ ታዛዥዎ የሆነ፣

ደብተራ ወልደ ኢየሱስ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ሸንጎው ትናንት ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሹም መርጧል፤ የተመረጠችው ኢፍቱ ናት። ሴት አትሾምም የሚል ወግ እንዳለ ፈዬራ አልዘነጉም፤ የሚሟገት ካለ ሾላው ሥር መጥቶ ይሟገት ብለዋል። ቤቷ ለሰው መቀበያ ስለሚፈለግ፣ እዚያ ይቀለቡ የነበሩትን ሦስቱን ወታደሮችዎን ዛሬ ጠዋት ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና አስወጥታቸዋለች። ማንም አልተመታም። ቁርበታቸው፣ ድስታቸውና የባሩድ ከረጢታቸው ደጅ ላይ በሥርዓት ተደርድሯል። ከእንጦጦ በኩል ደመናው እየወረደ ነውና፣ ባሩዱ ሳይርስ የሚሰበስብ ሰው ቢልኩ መልካም ነው።