ተሳቢዋ ቤት በፍልሰታ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ሙሉነህ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት ደህና ነን።

ወንድምዎ ፀጋዬ ጡረታ እንደወጣ በፒክአፕ የምትሳብ ቤት ገዛ። አልጋም ማድቤትም አላት። ቄሱ ጸበል ረጭተውልን ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን ከስካርቦሮ ወጥተን ሐይቅ ዳር ካምፕ አደረግን። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ የነዳ ሰው ሪቨርስ አድርጎ ማቆም አቃተው፤ አንድ ፈረንጅ አቆመለት። መኪናው አዲስ ስለሆነበት ነው አልኩ።

በማግስቱ እኔ ውስጥ ሽሮ ስሠራ እሱ ደጅ ሥጋ ይጠብሳል። ያውቁታል፤ ታሞ እንኳ ፍልሰታን ገድፎ አያውቅም። «ፀግሽ፣ ጾም እኮ ነው» ስለው ሥጋውን ትኩር ብሎ አየው። «ማነው ያመጣው?» አለኝ። ሥጋውን አንስቼ ደፋሁት። ሽሮውም ሳንቀምሰው ቀረ።

ድሮ ከጭነት ሲመለስ «አንድ ቀን እስከ ቫንኩቨር አብረን እንሄዳለን» ይለኝ ነበር። ምናለ ያኔ በሄድን ኖሮ!

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እባክዎ እንደ ልማድዎ ቅዳሜን ሳይጠብቁ ይደውሉለት። ስለ ጉዞው አያንሱበት፤ ስለ ልጅነታችሁ ይጠይቁት። እሱን አንድም ሳያስቀር ያጫውትዎታል።

አክባሪዎ ውባለም