አልጋዬ ግቢ የወጣ ዕለት

አስሰላሙ ዐለይኪ ዘይኑ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር አለ። የቀረችው አንዲት የፊት ጥርሴ፣ አንቺ «ጡረታ የማታውቅ» እያልሽ የምትስቂባት፣ የማሽላ እሸት በመጋጥ ላይ ሳለች በደረሰባት ድንገተኛ አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ቀብሯም ዘመድ ወዳጅ ባልተገኘበት ከሎሚው ዛፍ ሥር ተፈጽሟል። ለቅሶ ለመድረስ አትቸኩይ።

ይኸው ከተለያየን ሁለት ዓመት ሞላን። ሁለት ረመዳን ብቻዬን አፈጠርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። አያመኝም። ልቤ ብዙ ሰዓት ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነው፤ የኔ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስነካው ግን የሰው ነው። እበላለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ከሰው ጋር እሳሳቃለሁ። አንቺ ትተኚበት በነበረው በኩል መነጽሬን አስቀምጣለሁ።

ያባትሽ ቤት እንዳለ ነው። ሰገነቱ ወደ መንገዱ ትንሽ ጎንበስ ብሏል፤ እኔም ጎንበስ ስላልኩ ተስማምተናል። ሰፈሩ ግን ሌላ ሆኗል። ትናንት «ይህን ጭቃ አፍርሱት» ይሉን የነበሩት ዛሬ ቅርስ ነው ይሉናል። የውጭ ሰውም ቤት መግዛት ይችላል ከተባለ ወዲህ፣ በወልድያ አልፎ ላሊበላ የሚሄደው ፈረንጅ መኪናውን እያቆመ በራችንን ይዳብሳል። አባትሽ ከአፋር ጨው በግመል እያመጡ ቤቱን እንዴት እንደሠሩ ደላሎቹ ሲተርኩለት ብትሰሚ፣ ግመሉን አብረው የነዱ ይመስልሻል። ከኛ በላይ ያሉት ሁለት ቤቶች ተሸጠዋል። በሮቻቸው ቀለም ተቀብተው አምረዋል፣ ማሻአላህ። ግን የሚወጣም የሚገባም የለም። ሳልፍ አሁንም «እንዴት አደራችሁ» እላለሁ። ልማድ ነው።

ከዚያ ተራው የኛ ሆነ። ሰይድ የሚባል ደላላ አንድ ፈረንጅ ይዞ መጣ። ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ምሰሶውን እየዳሰሰ «አንድ እንጨት አልነካም» ብሎ በሰይድ አስነገረኝ። ወረቀቱ ላይ ግን ቤቱን ከነጓሮው ባዶ አድርጌ እንዳስረክብ ይላል። ጓሮው ማለት ብርቄ ናት። አባትሽ ለእናቷ «እዚህ ኑሪ» ብለው በቃል የሰጡዋት አንዲት ክፍል፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ምስክር፣ ይኸው ብርቄ እስካሁን የምትኖርባት። ይህን ከሰማች ወዲህ በአጥሩ ላይ የምታቀብለኝን ጎመን አበዛችው።

ልጅሽ ሙሔ ደግሞ ከመርሳ እየደወለ ይነተርከኛል። «አባ፣ ይሽጡትና እኛ ዘንድ ይምጡ። አንድ ቀን ወድቀው ነው የሚገኙ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ደረጃው እንደኔ ጥርስ ሆኗል። እኔም ለሰይድ እሺ፣ ኑና ለኩ አልኩት። እሺ ለማለትም እምቢ ለማለትም ጉልበት አልነበረኝም፤ እሺ ስለሚያጥር ነው።

የመጡት ሐሙስ ከዙህር በፊት ነው። ፈረንጁ ከሚለካለት ሰው ጋር ገባና ግድግዳው በደንብ እንዲታይ ሳሎኑ ይለቀቅ አለ። ሰይድና ሁለት ተሸካሚዎች አልጋዬን ግቢ አወጡ፣ ቡፌውን አወጡ፣ ወንበሩን ደረደሩ። ወለሉ ላይ ምንጣፉ ብቻ ቀረ። እኔ ጓሮ ዉዱ እያደረግሁ ነበር። በኛ አገር የሽማግሌ አልጋ ግቢ ወጥቶ፣ ሳሎኑ በምንጣፍ ብቻ ሲቀር፣ በር ላይ መኪና ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ፈረንጁ ከየት ያውቀዋል? ሰይድ ግን የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ሐሳቡ ሁሉ ሜትሩ ላይ ሆኖ ዘነጋው።

ብርቄ ከገበያ ስትመለስ አልጋውን አየችው። ዘንቢሏን ጣለችና «ወይኔ ጋሽ ይማም!» ስትል ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ከዚያማ ከላይም ከታችም ይጎርፍ ጀመር። ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ ሱረቱ ያሲንን ጀመረ። ሴቶቹ ግቢውን ሞሉት። ፈረንጁም ጫማውን አውልቆ ከጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ የአገሩ ደንብ መስሎት።

እኔን ታውቂኛለሽ፤ ቶሎ አልወጣሁም። ከግድግዳው ኋላ ሆኜ ስለራሴ አዳመጥኩ። አንዱ «ደግ ሰው ነበር» አለ፤ በቁሜ እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ሌላው «እንግዲህ ሙሔ መሸጡ ነው» አለ። ብርቄ ደግሞ ደረቷን እየመታች፣ «ወንድሜ ተረበኛው! ጎመንሽ ጨው አነሰው የሚለኝ ማን አለኝ? እኔስ ወዴት እሄዳለሁ?» ትላለች።

ያኔ ወጣሁ። «በርቱ፣ ጥሩ እየሄደ ነው፤ እኔም ልቀመጥ» አልኳቸው። ወላሂ ዘይኑ፣ አንድ ሰው አጥር ዘሎ ጠፋ። ብርቄ መጀመሪያ አማተበች፣ ቀጥሎ በጡጫ መታችኝ፣ ከዚያ አቅፋኝ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። አዎ፣ እኔ! ሁለት ዓመት የጠፋው እንባ በጢሜ ላይ ወረደ፣ ብርቄም በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ሰይድ ነገሩ ሳይበላሽ ብሎ ወረቀቱንና እስክርቢቶውን ሲያቀርብልኝ «አንተ ልጅ፣ ሕዝቡ ቆሞ እያለቀሰልኝ ነው፤ የሞተ ሰው ይፈርማል እንዴ?» አልኩት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሱ ውስጥ መለስኩለት። ፈረንጁ ሲተረጎምለት አልሳቀም። ምንጣፉን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ጨበጠኝና ሄደ። ተመልሶም ሽጥልኝ አላለኝም።

አልጋዬን ለቀስተኞቹ መለሱት። የውርጌሳ ዘመዶችሽ ሚኒባስ ሞልተው እየጮኹ ሲደርሱ በር ላይ ቆሜ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ፤ ለመሳፈሪያው ሲራገሙኝ አመሹ። ሙሔም ከመርሳ እያለቀሰ መጥቶ እየተቆጣ ተመለሰ። በማግሥቱ ግን አናጢ ላከ፤ ደረጃው እየተሠራ ነው።

አንቺን ከዱአዬ አላወጣም። ከሱብሒ በኋላ ስምሽን ከነአባትሽ እጠራለሁ፤ እግሬ እስከቻለም ወደ ግራና ወርጄ መቃብርሽን እጎበኛለሁ፣ የሰፈሩንም ወሬ እነግርሻለሁ።

አሁን አንድ የምናዘዝልሽ አለ። ልብ ብለሽ ከሆነ እንባው ላይ ወላሂ አላልኩም። እሱን ፈጥሬው ነው። ብርቄ የጠረገችው የዉዱ ውሃ ነበር፤ እሷ እንባ መሰላት፣ እኔም አላረምኳት። ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስልኝ አንዲት ጠብታ አልወጣችኝም፤ እንኳን ለራሴ፣ ላንቺም እስካሁን አልወጣችም። ሰፈሩ ለብርቄ ብሎ ነው ያልሸጠው ይላል፤ እሱም አለበት። ለማንም ያልነገርኩት ግን ይህን ነው፦ ያ እንባ አንድ ቀን የመጣ እንደሆነ፣ ሌላ ቤት ሄጄ እንዳያጣኝ ብዬ ነው።

ባልሽ ይማም